ስለ አንድ ሰው ድንኳን አመራረጥ፤ ከላንጋኖ ዳር እስከ ሳነቴ ከፍታ

ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚሄድበት መንገድና ስለሚቀመጥበት ነገር ነው። ሞተር ብስክሌቱን ያስመረምራል፤ ጎማውን ያስነፋል፤ ዘይቱን ያስለውጣል፤ ቤንዚኑን ይሞላል። የት እንደሚያድር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በቤት የሚቀሩት እናቱና ባለቤቱ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስቡት ይህንኑ ነው፤ ሊሸኙት ደጅ ድረስ ሲወጡ «ማታ የት ታድራለህ?» ብለው ይጠይቁታል። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ አንድ ሰው ድንኳን አመራረጥ ጥቂት ቃል መጻፍ ለሚሄደውም ለሚቀረውም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ዛሬ በመንግሥት ሥራ ወደ ገጠር የሚላኩ ብዙ ሰዎች፥ የጤናም ሆኑ የእርሻ ሠራተኞች፥ መኪና በቀላሉ በማይደርስበት ስፍራ በሞተር ብስክሌት ይዘዋወራሉ። በዕረፍታቸው ቀን አገራቸውን ለማየት ብለው ብቻቸውን የሚወጡም አሉ። ለነዚህ ሰዎች የማደሪያ ነገር የምቾት ነገር ብቻ ሆኖ የሚታይ አይደለም። በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው ሳይወድቅ የሚሄደው በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ትጋት ነው። ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ወይም በእርጥብ ልብስ ተቀምጦ ያነጋ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ይፈዛል፤ እጁ ይዘገያል፤ በጠጠር መንገድ ላይ በሬ ድንገት ቢሻገርበት ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ ያልፈዋል። ይህ ነገር በመኪና ውስጥ ላለ ሰው የቆርቆሮ መጨማደድ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ለሞተረኛ ግን የአጥንት፥ አንዳንድ ጊዜም የነፍስ ነገር ነው። እኛም ድንኳንን የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ መልካም ድንኳን ማለት ባለቤቱን በማግስቱ ጠዋት በጠራ ዓይንና በደረቀ ልብስ ወደ መንገዱ የሚመልሰው ነው።

ድንኳን ላገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በግዕዝ «ደብተራ» ማለት ድንኳን ማለት ነው፤ ደብተራ ኦሪት የተባለችውም እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ የሚተክሏትና የሚነቅሏት ድንኳን ነበረች። የቤተ ክርስቲያናችን ደብተሮችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቃል ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት ነገሥታቱ ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት ከስፍራ ወደ ስፍራ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ የድንኳን ከተማ እንደ ነበረ ጽፎ አቆይቶልናል።

የዚያ ዘመን ድንኳን ግን በበቅሎ የሚጫንና በብዙ ሰው የሚተከል ከባድ ነገር ነበረ። ምሰሶው ለብቻው ሸክም ነው፤ ካስማውና አውታሩ ለብቻው ሸክም ነው፤ ሸራውም ዝናብ ከመታው ክብደቱ ይጨምራል። ሞተረኛ በቅሎም ድንኳን ተካይም የለው። ጫኙም ተካዩም ነቃዩም እርሱ ራሱ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ፥ ጣቱ ደንዝዞ፥ ምናልባትም ጨለማ ይዞት ነው። ስለዚህ ድንኳኑ አንድ ሰው ብቻውን በጥቂት ደቂቃ የሚተክለው መሆን አለበት።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ያገራችን ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ቤት አይታጣም፤ ድንኳን መሸከም ለምን አስፈለገ?» ይል ይሆናል። የእንግዳ ተቀባይነቱ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መደብ ያለው ገበሬ ለእንግዳው ሲል ልጆቹን መሬት ያስተኛቸዋል፤ ለቍርሳቸው ያኖረውንም ያቀርባል። ድንኳን የያዘ ሰው ግን ባለቤቱን የሚለምነው ጥቂት መሬት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በተራራና በጫካ ውስጥ ለመለመንም ቤት አይገኝም። ሆኖም ድንኳን ይዣለሁ ብሎ የሰው እርሻ ወይም የሰው ግጦሽ ላይ ሳይጠይቁ መትከል ነውር ነው። አስቀድሞ የቀበሌውን ሰው ወይም የአገር ሽማግሌን ማስፈቀድ፥ ደግሞም ከቤት ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቆ መረዳት የመንገደኛ ሁሉ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ ነገር እንመለስ። በገበያ የሚገኙት የአንድ ሰው ድንኳኖች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከ1 ኪሎ ብዙም የማያልፉ፥ እጅግ ከሳሳ ጨርቅ የተሠሩና ዋጋቸው የከበደ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናሉ። ሦስተኛዎቹ 3 ኪሎና ከዚያም በላይ ሆነው ዋጋቸው የረከሰ ነው። ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ ለሚወጣ እግረኛ የግማሽ ኪሎ ልዩነት ከሰዓት በኋላ በትከሻው ላይ ይታወቀዋል። ሞተር ግን ግማሽ ኪሎ አይሰማውም። ሞተር የሚሰማው የሸክሙ ስፍራና ርዝመት ነው።

ዕቃ ከኋላ ከፍ ብሎ ከተጫነ የፊተኛው ጎማ ይቀላል፤ መሪውም በጠጠርና በጭቃ ላይ ይዋልላል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል፥ በግራና በቀኝ በሚንጠለጠሉት ከረጢቶች ውስጥ መግባት ይገባዋል። እዚህ ላይ የድንኳኑ ርዝመት ይመጣል። የተጠቀለለ ድንኳን ርዝመቱን የሚወስነው ዘንጉ ነው። ዘንጉ በውስጡ ላስቲክ ያለፈበትና እርስ በርሱ የሚሰካካ ቁርጥራጭ ሲሆን፥ የብዙዎቹ ቁርጥራጭ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ በብዙ የጎን ከረጢት ውስጥ አጋድሞ ለማስገባት ያስቸግራል። ለብስክሌት መንገደኞች ተብለው የተሠሩት ግን ቁርጥራጫቸው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በቀላሉ ይገባሉ። ረጅም ዘንግ ያለው ድንኳን የገዛ ሰው ዘንጉን ከጨርቁ ለይቶ ለብቻው በዕቃ መጫኛው ላይ ጠበቅ አድርጎ ቢያስረው ይሻላል። ጨርቁን ሲጭን ደግሞ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ያርቀው፤ የጋለ ብረት ናይሎንን በቅጽበት ያቀልጠዋልና።

እጅግ ቀላል ከሆኑት ድንኳኖች መካከል የገዛ ዘንግ የሌላቸውም አሉ፤ እነርሱ እግረኛው በሚመረኮዝባቸው ዘንጎች ላይ ይቆማሉ። ሞተረኛ ግን ምርኩዝ አይዝም፤ ማኅሌት ሊቆም የሚሄድ ሆኖ መቋሚያውን ካልያዘ በቀር። እንዲህ ያለውን ድንኳን ለእግረኛ እንተወው።

ስለ ስፋቱም አንድ ነገር መታሰብ አለበት። የአንድ ሰው ድንኳን ተብሎ የሚሸጠው ወለሉ አንዳንድ ጊዜ ከ70 ሳንቲ ሜትር አይሰፋም። እግረኛ በቀላል ልብስ ስለሚሄድ ይበቃው ይሆናል። ሞተረኛ ግን የራስ ቁር፥ ወፍራም ካፖርት፥ ጓንትና ረጅም ቦት ጫማ አለው፤ እነዚህም ውጭ ቢያድሩ ጤዛ ያረጥባቸዋል፥ ጠዋትም ጫማ ውስጥ ምን እንደ ገባ አይታወቅም። ስለዚህ ወይ በረንዳ ያለው የአንድ ሰው ድንኳን፥ ወይም የሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ ቀላል ድንኳን መምረጥ መልካም ነው። ርዝመቱም ሰውየው ተጋድሞ ራሱና እግሩ ጨርቁን የማይነካበት ይሁን።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ከመናገር በስፍራው ማሳየት ስለሚሻል፥ በታኅሣሥ ወር ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ባሌ ተራሮች የሄድንበትን መንገድ ምሳሌ እናደርጋለን። ይህ መንገድ ቆላውን፥ ደጋውን፥ ውርጩንና ጫካውን በጥቂት ቀን ስለሚያሳይ ለድንኳን መፈተኛ ከእርሱ የተሻለ አናውቅም።

ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱና በሞጆ ወርደን፥ በመቂና በዝዋይ አልፈን፥ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ደረስን። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ውኃው ቡናማ ነው፤ ዳሩን ግራር ከብቦታል። በዚህ ስፍራ ድንኳን ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ አሸዋው፥ ሁለተኛው እሾሁ ነው። ካስማው በአሸዋ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣም ያለ ችግር ይወጣል። መድኃኒቱ አውታሩን በትልቅ ድንጋይ ላይ ማሰር፥ ወይም ትንሽ ከረጢት በአሸዋ ሞልቶ አውታሩን በእርሱ ላይ አስሮ መቅበር ነው። የወደቀ የግራር እሾህ ደግሞ የድንኳኑን ወለልና በአየር የሚነፋውን ፍራሽ ባንድ ጊዜ ይበሳል። በእጅ መሬቱን ዳስሶ እሾሁን መልቀም፥ ከዚያም ከድንኳኑ በታች ሌላ ሸራ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

ጨርቁን ሲመርጡም ይህን ማሰብ ይገባል። የጨርቅ ክር ውፍረት በዴኒየር ይቈጠራል፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር 1 ግራም ቢመዝን 1 ዴኒየር ይባላል። እጅግ ቀላል የሆኑት ድንኳኖች ከ10 እስከ 20 ዴኒየር ናቸው፤ ጠንከር ያሉት ወለላቸው 40፥ አንዳንዱም 70 ይደርሳል። እሾህ በበዛበት ባገራችን ቆላ ወለሉ ሳስቶ ጥቂት ግራም ከሚቀል ወፍሮ ጥቂት ግራም ቢከብድ ይሻላል እንላለን። ቢምቢውን የሚከለክል መረብም ያለበት ይሁን፤ የስምጥ ሸለቆው ቆላ የወባ አገር ነውና፥ የመረቡ ዚፕ በሚገባ መዘጋቱን ከቤት ሳይወጡ መርምሮ ማየት ያስፈልጋል። ላንጋኖ ላይ እንደኛ በሞቃት ሌሊት ያደረ ሰው የላይኛውን ክዳን ገልጦ በመረቡ ውስጥ ከዋክብቱን እያየ መተኛት ይችላል፤ ይህም የመንገዱ ዋጋ ነው።

በማግስቱ ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን በኮፈሌ፥ በዶዶላና በአዳባ አልፈን ወደ ዲንሾ ወጣን። አገሩ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ሰዉም ፈረሰኛ ነው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በፈረስ የሚገሠግሠውን የባሌ ሰው ያየ መንገደኛ ስለ ብርዱ ሌላ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በላንጋኖ ዳር በሸሚዝ የተቀመጠ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ያህል በሚሆነው በዲንሾ ካፖርቱን ይፈልጋል። በዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በዙሪያው ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከሰው ሳይርቁ ይግጣሉ።

በዚህ ስፍራ የድንኳን ጠላት ከውስጥ ይመጣል። የተኛ ሰው በትንፋሹ በአንድ ሌሊት ብርጭቆ ሙሉ ያህል ውኃ ያወጣል። ይህ እንፋሎት በብርዱ የቀዘቀዘውን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ ውርጭ ከሆነም በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። ጠዋት ድንኳኑ ሲነካ ያ ሁሉ በተኛው ሰው ላይ ይረግፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ድንኳኑ አፈሰሰ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል፤ ነገር ግን ውኃው የራሱ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ አንድ ክዳን ብቻ ያለው ድንኳን ቢቀልም ለደጋ አይመከርም። ሁለት ድርብ የሆነው፥ ማለት ከውስጥ አየር የሚያሳልፍ ስስ ድንኳን፥ ከውጭ ደግሞ የዝናብ ክዳን ያለው፥ ውኃውን በውጨኛው ጨርቅ ላይ ያስቀረዋል። በአናቱም የአየር መውጫ ይኑረው፤ በብርድ ጊዜ እንኳ ይህ መውጫ ሊዘጋ አይገባውም።

ደግሞም ድንኳን ነፋስና እርጥበት ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ሙቀት የሚሰጠው የመኝታ ከረጢቱና ከመሬት የሚለየው ፍራሽ ነው። ድንኳኑን አስወድዶ ፍራሹን ያረከሰ ሰው ብርዱ ከበታቹ እየወጣ ጎኑን ሲበላው ያድራል። ያለው ገንዘብ ጥቂት የሆነ ሰው ለድንኳኑ መካከለኛውን መርጦ የቀረውን ለመኝታው ቢያወጣ እንቅልፍ ያገኛል።

ብርዱ ያሸነፈው ሰው ግን አንድ ነገር ያደርግ ዘንድ ይፈተናል፤ ይኸውም ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ነው። ይህ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የከሰል ጢስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን እንደሚገድል በየቤታችን የምናውቀው ነው፤ ድንኳን ደግሞ ከክፍል ይልቅ የጠበበ ነው። መርዙ ሽታ ስለሌለው የተኛው ሰው አይነቃም። ወጥ ማሞቅ የሚፈልግ ሰው ውጭ ያሙቅ።

ከዲንሾ በሮቤና በጎባ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ሳነቴ በተባለው አምባ ላይ ያልፋል። ይህ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፤ በአፍሪቃ ካሉት መንገዶች ሁሉ ከፍ ካሉት አንዱም ይኸው ነው። ዛፍ የለም፤ ጅብራ ብቻ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። በሣሩ መካከል ፍልፈል ጉድጓዱን ይምሳል፤ ፍልፈሉን የሚያድነው ቀይ ቀበሮም ይመላለሳል። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ያለውም ሁሉ 500 ያህል ብቻ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም እንዲህ ያለው ሀብት ስላለበት ነው።

በበጋ ወራት በሳነቴ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች እጅግ ይወርዳል፤ ነፋሱም የሚገታው ነገር የለም። መሬቱ ድንጋያማና አፈሩ ስስ ስለ ሆነ ካስማ በብዙ ስፍራ አልገባም ይላል። በገዛ ዘንጉ የሚቆም ድንኳንና በካስማና በአውታር ኃይል ብቻ የሚቆም ድንኳን የሚለዩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ካስማ ካልገባለት ድንኳንነቱ ቀርቶ ጨርቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ግን ዘንጎቹ ተሻግረው እንደ ጎጆ ስለሚያቆሙት በድንጋይም በሲሚንቶ ወለልም ላይ ይቆማል። ሆኖም ቆሟል ተብሎ ያለ ድንጋይ አይተውም፤ ባዶውን ድንኳን ነፋስ አንሥቶ ይወስደዋል። አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ማስያዝ፥ ጠባቡን ወገን ወደ ነፋሱ ማዞር፥ ሞተሩንም ከነፋሱ ወገን ማቆም ይረዳል፤ ሞተሩ ቢወድቅ ግን ድንኳኑ ላይ እንዳይደርስ ርቀቱ ይታሰብበት።

ዘንጉም ከአሉሚኒየም ይሁን። ከፋይበር የተሠራው ርካሽ ዘንግ በብርድና በነፋስ ሲሰነጠቅ በመንገድ ላይ መጠገኑ ያስቸግራል። የአሉሚኒየም ዘንግ ቢታጠፍ ግን መጠገኛ የምትሆን አጭር ቱቦ አብራ ትሸጣለች፤ ቱቦዋን በስብራቱ ላይ አግብቶ በፕላስተር ቢያስሩት እስከ ቤት ያደርሳል።

በፓርኩ ውስጥ ማደር የሚቻለው ግን መግቢያውን ከፍሎ፥ ፈቃድ ይዞ፥ ለማደሪያ በተመደበው ስፍራ ብቻ ነው። እኛም እንደ ደንቡ ሳነቴን በቀን ተሻግረን ወደ ታች ወረድን። መንገደኛ የምግብ ትራፊ ጥሎ መሄድ የለበትም፤ ትራፊው ውሻን ይስባል፤ ውሻ ደግሞ የእብደት በሽታን ወደ ቀይ ቀበሮው ያመጣል። በዚህ በሽታ በባሌ ብዙ ቀበሮ ማለቁ የታወቀ ነው።

ከሳነቴ ጫፍ መንገዱ በጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ሐረና ጫካ ይገባል። ባንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ከውርጭ አገር ወደ ጉም አገር ይገባል። በመጀመሪያ አስታው፥ ቀጥሎ ቀርከሃው፥ ከዚያም ሽበት እንደ ያዘው ሽማግሌ ሽበታም ተንጠልጣይ ያለበት ትልልቅ ዛፍ ይመጣል። ከታች ቡና ሰው ሳይተክለው በጫካ ይበቅላል። በዚህ አገር በበጋም ቢሆን ዝናብ አይታመንም፤ ዝናብ ባይኖር እንኳ ጉሙ ከቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ያድራል።

የክዳኑ ጽናት የሚፈተነው እዚህ ነው። በድንኳን ላይ «1,500» ወይም «3,000 ሚሊ ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ይህን ማለት ነው፤ በጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ ቧንቧ ቢቆምና ውኃ ቢሞላበት፥ ውኃው ጨርቁን አልፎ መንጠብ ሲጀምር የደረሰበት ቁመት ነው። ለላይኛው ክዳን ከ1,500 እስከ 3,000 ያለው ይበቃል። ወለሉ ግን የሰው ክብደት ስለሚጫነው ከዚያ ቢበልጥ መልካም ነው። ቍጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ውኃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በስፌቱ ስለ ሆነ ስፌቱ ከውስጥ በፕላስቲክ ጥብጣብ መታሸጉን ማየት ያስፈልጋል። ናይሎን ለክብደቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲርስ ስለሚለጠጥ ማታ የተወጠረው ክዳን ሌሊት ይረግባል፥ ተነሥቶ አውታሩን መወጠርም ግድ ይሆናል። ፖሊስተር ጥቂት ቢከብድም አይረግብም፤ የፀሐይንም ኃይል ይበልጥ ይችላል።

በዝናብ መካከል ለሚተክል ሰው ደግሞ የላይኛው ክዳን መጀመሪያ የሚቆምበት ድንኳን ታላቅ ጸጋ ነው፤ ውስጡ ሳይርስ ከክዳኑ በታች ይሰቀላልና። ስፍራ ሲመርጥም ጥላ አማረኝ ብሎ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለበት ዛፍ ሥር፥ ወይም ሜዳ ነው ብሎ ጎርፍ በሄደበት ሸለቆ ውስጥ አይትከል።

ከጉዞ በኋላ ያለው ሥራ የቤተ ሰብ ሥራ ነው። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ድንኳን በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ውኃ የሚከለክለው ቅባቱም እየተላጠ ይሄዳል። ቤት እንደ ደረሰ አውጥቶ በጥላ ማስጣት፥ ጭቃውን በለብታ ውኃ ማጠብ፥ ደርቆ ሳይጨርስም አለማጠፍ ነው። ጠንካራ የልብስ ሳሙና አይንካው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ ድንኳንን ለመጀመሪያ ጊዜ በተራራ ላይ መትከል አይገባም። የገዛው ሰው አስቀድሞ በግቢው ውስጥ፥ አንድ ጊዜ በቀን፥ አንድ ጊዜ በጨለማ፥ አንድ ጊዜም ጓንት አድርጎ ብቻውን ይትከለው። ልጆቹ ውኃ በባልዲ አምጥተው በላዩ ያፍስሱበት፤ ለእነርሱ ጨዋታ ነው፥ ለእርሱ ግን ፈተና ነው። ከዚያም አንድ ሌሊት ይደርበት። ጠዋት ጎኑ ካልታመመ፥ ልብሱም ካልረጠበ፥ ድንኳኑ ለመንገድ ደርሷል።

እንግዲህ ባጭሩ ለመናገር፥ ድንኳን ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያድርበትን አገር ያስብ፤ ቆላ ከሆነ መረቡንና ወለሉን፥ ደጋ ከሆነ ድርብነቱንና አየር መውጫውን፥ ድንጋያማ ከሆነ በገዛ ዘንጉ መቆሙን፥ ጫካ ከሆነ ክዳኑንና ስፌቱን ይመርምር። ቀጥሎ በሞተሩ ላይ የሚያርፍበትን ስፍራ በሜትር ይለካ። ክብደቱንና ዋጋውን ከዚህ በኋላ ያወዳድር። እኛ ባየነው ለዚህ አገር ሞተረኛ ከ2 ኪሎ እስከ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን፥ ድርብ፥ በገዛ ዘንጉ የሚቆም፥ በረንዳም ያለው ድንኳን ይስማማዋል። ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ ሲባል እንቅልፍን መሸጥ ትርፍ የለውም፤ እንቅልፍ ያጣው ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በማግስቱ በገደሉ ዳር ነውና። የመንገደኞች አምላክ ለሚሄዱት ሁሉ መንገዳቸውን ያቅናላቸው።